ከተዝካሯ በኋላ የመጣችው አክስቴ

እኔ ፈሪ ነኝ። ለትሕትና ብዬ አይደለም፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቀዋል። ስልክ ባልጠበቅሁት ሰዓት ከጮኸ ልቤ ድንግጥ ይላል፤ በር ከተንኳኳ መጀመሪያ የሚመጣብኝ መርዶ ነው። እንጅባራ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ፕሮግራሚንግ ሳስተምር ተማሪዎቼ በዚህ አመሌ ይስቁብኝ ነበር። ኮዳቸውን ባየሁ ቁጥር «ይሄ ባዶ ሆኖ ቢገኝስ? ይሄ ቀድሞ ቢጠፋስ? እነዚህ ሁለቱ ቢምታቱስ?» እያልኩ አሰለቻቸዋለሁ። «መምህርት፣ ይሠራል እኮ!» ይሉኛል። እንደሚሠራማ አያለሁ፤ የምፈራው የማይሠራበትን ቀን ነው።

ከትምህርቱ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ከልክ በላይ እቆይ ነበር። ፕሮግራም በሜሞሪው ውስጥ የሚይዛቸውን ነገሮች ኦብጀክት እንላቸዋለን። ሁለት ኦብጀክቶች የያዙት መረጃ ፍጹም ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያም ሆኖ ሁለት ናቸው። ይህን ለማስረዳት ሰሌዳው ላይ ሁለት ፈረስ እሥላለሁ። ሥዕሌ ውሻ ስለሚመስል መጀመሪያ ይሳቃል። «ሁለቱም ዳማ ናቸው፣ ዕድሜያቸው እኩል ነው፣ ባለቤታቸው አንድ ሰው ነው። አንደኛው እግሩ ቢሰበር ሌላኛው ያነክሳል?» እላለሁ። የፈረስ አገር ልጆች ናቸውና «ኧረ አያነክስም!» ብለው ይጮሃሉ። «እንግዲያው እኩል መሆንና አንድ መሆን ለየቅል ነው» ብዬ እጽፍላቸዋለሁ። እነሱም ይገለብጡታል፤ በማግስቱ ፈተና ላይ ያምታቱታል።

እኔ ግን ነገሩን ኮምፒውተር ከማየቴ በፊት፣ ከእናቴና ከአክስቴ ነው ያወቅሁት።

የእናቴ ታላቅ እህት ልጅ ሳለች፣ ለንግድ ወደ ቆላ ከሚወርዱ ዘመዶቿ ጋር ከዳንግላ ገጠር ተነሥታ በጫግኒ በኩል አልፋ ሄደች። ክረምቱ ሲወጣ፣ ያን ቤተሰብ ወባ ጨርሶ ፈጀው የሚል ወሬ መጣ። አያቴ ሬሳ ሳያይ አለቀሰ። ለቅሶ ተቀመጡ፣ ፍትሐት ተደረገ፣ ጊዜው ሲደርስም ተዝካሯ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሴት ልጅ ተወለደችለትና «ስሟ ከቤቴ አይጠፋም» ብሎ ያንኑ ስም አወጣላት። ያቺ እናቴ ናት። እናቴ እግር አውጥታ ግቢ ለግቢ መሮጥ ስትጀምር፣ ከጫግኒ በሚመለሱ ነጋዴዎች መሐል አንዲት ከሲታ ልጅ ወደ ቤቱ መጣች። ሞታለች የተባለችው አክስቴ ነበረች።

ደስታው አገር የሰማው ነበር ይባላል። ሲረጋጉ ግን ስሙ ተይዟል። ተዝካሩን የበላ ጎረቤት ሁሉ ያን ስም ሲጠራ ትንሿን ማሰብ ለምዷል። ቁጭ ብሎ የወሰነ ሰው አልነበረም፤ ታላቂቱን «እትዬ» ማለት ተጀመረ፣ በዚያው ቀረ። ወላጆቿም፣ ጎረቤቱም፣ በኋላ እኛ የእህቷ ልጆችም እትዬ ብቻ አልናት። እንዲህ ሆነው ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ስም፣ በአንድ የአባት ስም፣ በአንድ የአያት ስም፣ በአንድ ቀበሌ አረጁ። ዕድሜያቸው ሲጠየቅ እንኳ ሁለቱም «ወደ ስልሳው ይጠጋኛል መሰለኝ» ነው የሚሉት። እትዬ ልጅ አልወለደችም። እናቴ ገበያ ለገበያ ስትል እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት።

አንድ ጊዜ ጫግኒ የተዳረችውን እኅቴን ልንጠይቅ እኔና እትዬ ወርደን እትዬን ጉሮሮዋን አመማትና ፔኒሲሊን ተወጋች። ወዲያው ፊቷ አበጠ። ትንፋሽ አጥሯት አንገቷን ይዛ በዓይኗ ትለምነኝ ጀመር። ከንፈሯ ሲጠቁር አየሁ። ባለሙያዎቹ ተረባርበው ከሞት አፋፍ መለሷት፤ «ይህ መርፌ ለእሳቸው ሞት ነው፣ የትም ስትሄዱ ቀድማችሁ ተናገሩ» ብለውም አስጠነቀቁን። ያን ከንፈር እስከ ዛሬ በሕልሜ አየዋለሁ።

ከዚያ ዓመታት አለፉና ዳንግላ ውስጥ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ የሕሙማንን ካርድ በኮምፒውተር መያዝ ጀመረ። ፕሮግራሙን የሠሩት ልጆች ከሌላ ከተማ መጥተው፣ ሠርተው፣ አስረክበው ሄደዋል። እነሱ ከሄዱ በኋላ ፕሮግራሙ አመል አወጣ። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ነፍሰ ጡር ናቸው ብሎ አረፈው። የክሊኒኩ ኃላፊ በሰው በሰው ስልኬን አግኝቶ «እባክሽ እይልን፤ ሽማግሌው ተቀይመውናል» አለኝና ኮዱን በፍላሽ አድርጎ በሚኒባስ ላከልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ክፍለ ጊዜ የሌለኝ ቀን፣ የኮሌጁ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ጋቢዬን ደርቤ ተቀመጥኩ። ክረምቱ ሊገባ ደርሷል፤ እንጅባራ በጉም ታፍና ከመስኮቱ ማዶ አጥሩ እንኳ አይታይም። የሽማግሌው ነገር ብዙ አላስቸገረኝም። ፕሮግራሙ አንድ ካርድ ሲዘጋ ለዚያ ካርድ ይዞት የነበረውን የሜሞሪ ቦታ ይለቅና ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። አንዱ የኮዱ ክፍል ግን መለቀቁን አልሰማም፤ የድሮውን አድራሻ እንደያዘ ነው። ተከራይ ቤቱን ለቆ ከሄደ በኋላ፣ የቀድሞ ቁልፍ የቀረው ዘመድ ሊጠይቀው መጥቶ በሩን ከፍቶ ሲገባ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቶ እንደሚያገኘው ማለት ነው። ሽማግሌውን ሊጠይቅ የሄደው ኮድ፣ በቦታቸው የገባችውን ነፍሰ ጡር አገኘ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ወረድ ብዬ ሳነብ፣ ፕሮግራሙ ሁለት ሰው አንድ መሆኑን የሚወስንበት ቦታ ደረስኩ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ፆታ፣ ቀበሌ። እነዚህ ከገጠሙ አንድ ሰው ነው፤ አዲስ ካርድ አይከፈትም፣ የድሮው ይወጣል። ዕድሜ አልተጨመረም። በእኛ አገር ዕድሜ በየጊዜው በግምት ስለሚነገር ልጆቹ ሰልችቷቸው ትተውት ይሆናል፤ በዚህስ አልፈርድባቸውም። ሳቄ ግን እዚያው ቆመ። እናቴ እዚያ ክሊኒክ ካርድ አላት። አምና ሳንባ ምች ይዟት ፔኒሲሊን ተወግታ፣ ድና ነው የወጣችው።

እትዬ ክሊኒኩን ረግጣው አታውቅም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጤነኛ ናት፣ ቤቷ ናት፣ አሁን ጎመኗን እየኮተኮተች ነው። እንዲህ እያልኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የእትዬ ጎረቤት ናት።

«አንቺ፣ እትዬን እኮ ሌሊቱን ሲያንዘፈዝፋት አደረ። ጠዋት ክሊኒክ አስገባናት። ደረቷን ነው ይላሉ። አሁን መርፌ ሊ...»

ድምፁ ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ፤ የለም። እናቴ ጫግኒ እኅቴ ዘንድ ናት፤ እሷም ጋ የለም። በቢሮው የመስመር ስልክ ልደውል ሮጥኩ፣ ተዘግቷል። ቅዳሜ መሆኑን ረስቼዋለሁ። ስልኩ ከእጄ ወድቆ ባትሪው ለብቻው ሄደ። ተንበርክኬ ለቅሜ ገጠምኩትና ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። በየቀኑ የምፈራው ሁሉ ለካ ጨዋታ ነበር።

መናኸሪያው ውስጥ የዳንግላ ሚኒባስ ቆሟል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል፤ ውስጡ ግማሹ ባዶ ነው። ገብቼ ተቀመጥኩ። ያ «አንድ ሰው» አንድ በአንድ እየገባ እስኪሞላ ድረስ ወንበሩን በጥፍሬ ቧጨርኩት።

ስንንቀሳቀስ ደግሞ አእምሮዬ አላርፍ አለ። ኮዱን አንብቤዋለሁና የሚሆነው ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ስሟን ይጠይቃታል። ይጽፋል። የአባቷን፣ የአያቷን፣ ቀበሌዋን ይጽፋል። ፕሮግራሙ ሁሉም ገጥሟል ብሎ የእናቴን ካርድ ያወጣለታል። አምና ፔኒሲሊን ወስዳለች፣ ምንም አልሆነችም ይላል። ከዚህ በላይ የሚያስተማምን ማስረጃ ለሐኪም ከየት ይመጣል? የማያውቀው ሰው ቢሆን ይጠራጠር ነበር፤ ይህቺን ግን ያውቃታል። ጎረቤቷ ስለ ጫግኒው መርፌ አልሰማችም። ራሷ እትዬ ደግሞ እንኳን በትኩሳት ደክማ፣ በጤናዋም ሐኪም ያለውን «አይደለም» አትልም።

አዲስ ቅዳም ስንደርስ ገበያ ነው። ሰውና በግ መንገዱን ሞልቶታል። ይባስ ብሎ ሚኒባሱ ዳር ይዞ ቆመና ረዳቱ የከሰል ጆንያ ጣሪያ ላይ መጫን ጀመረ። በዚያ ዘመን እዚያ አካባቢ ጤፍ የነበረበት ማሳ ሁሉ ዲከረንስ የሚሉት የግራር ዛፍ ተተክሎበት ከሰል ይከሰል ነበር፤ ያለ ጆንያ የሚያልፍ መኪና የለም። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ጮህኩ።

«ሰው እየሞተብኝ ነው! ተንቀሳቀስ!»

«እህቴ፣ የቸኮለ ሁሉ ሰው እየሞተበት ነው» አለኝ፤ ጆንያውን እየገፋ።

ተሳደብኩ። የተሳደብኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ መምህርት ነኝ። ሰድቤው ሳልጨርስ እንባዬ መጣና አንገቴን ደፋሁ። ከጎኔ የተቀመጡ እናት ፊቴን አዩ። ተነሥተው በአገውኛ ረዳቱን የሆነ ነገር አሉት። አገውኛዬ ጎደሎ ነው፤ «እናት የለህም ወይ» የሚለው ግን ገባኝ። ረዳቱ ሁለተኛውን ጆንያ ባለበት ጣለው። ሾፌሩም ቀሪውን መንገድ ነድቶ ሳይሆን በርሮ አደረሰን፤ በሌላ ቀን ቢሆን በፍጥነቱ እኔው እጮህ ነበር።

ዳንግላ ስደርስ ዝናብ ጀምሯል። ባጃጅ ይዤ ክሊኒኩ በር ላይ ወረድኩ። ጎረቤቷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ኮሪደሩ ውስጥ ቆማለች። እንዴት ናት ብዬ ሳልጠይቃት በእጇ ወደ አንድ ክፍል አመለከተችኝ።

እትዬ በጀርባዋ ተኝታለች። ዓይኗ ተከድኗል። ክንዷ ላይ ጥጥ በፕላስተር ተለጥፏል። አንድ ወጣት ነርስ ባዶ መርፌ ይሁን ሙሉ ያልለየሁት ነገር በእጁ ይዞ ጎንበስ ብሏል።

«ወጋሃት?» አልኩት። ጮህኩ ማለት ይሻላል።

ብድግ አለ። «ማነሽ አንቺ?»

«ወጋሃት ወይ? ጥጡ ምንድን ነው?»

«ለምርመራ ደም ተወስዶላቸው ነው። አሁን ልሰጣቸው...»

የአልጋውን ብረት ያዝኩ። «አትንካት» አልኩት። «ፔኒሲሊን ከሆነ ትሞታለች። ጫግኒ ልትሞት ነበር፤ እኔ አይቻለሁ።»

ልጁ ተቆጣ። እውነቱን ነው፤ እኔም ብሆን በር በርግዳ የገባች ሴት ሥራዬን ብታስተምረኝ እቆጣለሁ። «አምና እዚሁ ወስደዋል። ኮምፒውተሩ ላይ አለ፤ ምንም አልሆኑም» አለኝ።

«ያቺ እናቴ ናት።»

«ስማቸውን ጠይቀናል። የአባታቸውን፣ የአያታቸውንም ጠይቀናል። ካርዱ የእርስዎ ነው ወይ ስንላቸውም አዎ ብለዋል።»

«ሁለት እህትማማች ናቸው። ስማቸው አንድ ነው።»

ነርሱ እንደ እብድ አየኝ። አንድ አባት ለሁለት ልጆቹ አንድ ስም ያወጣል ብሎ የሚያምን ማን ነው? ወደ አልጋው ዞር ብሎ «እማማ፣ አምና እዚህ የታከሙት እርስዎ ነዎት ወይስ እህትዎ?» ሲል ጠየቃት።

እትዬ ዓይኗን ገለጠች። ትንፋሿ ይቆራረጣል። «እሷ ናት» አለች።

«ታዲያ ምነው አዎ አሉን?»

«ስሙን ጠርተህ እዚህ አሉ እኮ አልከኝ። እህቴ አለች፤ ምን ልበልህ?»

የነርሱ ፊት ሲለወጥ አየሁት። የያዘውን ትሪው ላይ አስቀመጠው፤ ብረቱ ሲንቀጫቀጭ ይሰማ ነበር። ወጥቶ ሐኪሙን ይዞ ተመለሰ። ሐኪሙ ስለ ጫግኒው ቀን አንድ በአንድ ጠየቀኝና ሌላ መድኃኒት አዘዘላት።

እሱ ሲወጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ተቆጣኋት። በፈራሁ ጊዜ የምወደውን ሰው መቆጣት አመሌ ነው። «እትዬ፣ ልትሞቺ ነበር እኮ! አይደለሁም ማለት ያቅትሻል?»

«አትጩኺብኝ» አለች። «ከቆላ ስመጣም አለች አሉኝ። ሕፃን ልጅ አቅፈው አሳዩኝ። ያን ጊዜ ያልተጣላሁትን ዛሬ ከኮምፒውተር ጋር ልጣላ?» አለችኝ።

ይህን ስትል ፈገግ ብላለች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ከዚያ ቀን በፊት ታሪኩን ሁሌ የምንሰማው እንደ ጨዋታ ነበር፤ እሷም ስታወራው እየሳቀች ነው። ተዝካሯ ወጥቶ፣ ቦታዋ ለሌላ ተሰጥቶ፣ የቤቷን አድራሻ ብቻ ይዛ ተመልሳ በሩን ያንኳኳች ልጅ መሆኗን አስቤው አላውቅም ነበር። የምትስቀው ለእኛ ብላ እንደሆነም ያን ቀን ገባኝ።

ካርድ ክፍል ሄጄ በራሷ ስም አዲስ ካርድ እንዲከፈትላት ጠየቅሁ። ልጅቷ ጻፈች፤ ፕሮግራሙ የእናቴን ካርድ አወጣ። ደግማ ጻፈች፤ አሁንም እናቴ። እትዬን አልቀበልም አለ። «ስሙን ቀየር አድርገን ብናስገባቸውስ? በቤት ስማቸው?» አለችኝ፤ ለእኔው አዝና ነው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ልጅቷ ደንግጣ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ስሟን ሌላ ማድረግ ቀላል ነበር፤ እትዬም ብትጠየቅ እሺ ትል ነበር። አይሆንም አልኩ። በወረቀት ካርድ ሙሉ ስሟን አስጻፍኩ፤ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «ፔኒሲሊን ክልክል ነው» አልኩና አልጋዋ ራስጌ ላይ ለጠፍኩት። ኮዱን በኋላ አስተካከልኩት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥር ሰጠሁት፤ ሰውየው ሞቷል ቢባል እንኳ ቁጥሩ ለሌላ የማይሰጥ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራ። ጎረቤቷ ልጆቿን ልታይ ሄደች። እትዬ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እኔ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ ተቀመጥኩ። አዲሱ መድኃኒት ደግሞ የማይስማማት ቢሆንስ እያልኩ ከንፈሯን አያለሁ፣ ጥፍሯን አያለሁ። አንዳንዴ ትንፋሿ የቆመ ይመስለኝና የራሴንም እይዛለሁ።

ነርሱ የሚዋጠውን መድኃኒት ይዞ በሩ ላይ መጣ። በእጁ የያዘውን ማዘዣ አንብቦ ሙሉ ስሟን፣ ከነአባቷ፣ ጠራ።

እትዬ አልተንቀሳቀሰችም።

ከፍ አድርጎ ደገመው። ከቅንድቧ እንኳ የተነቃነቀ ነገር የለም። ዘልዬ ተነሥቼ ጉንጯን ዳሰስኩት፤ ይሞቃል። ትከሻዋን ነቀነቅኋት።

ዓይኗን ገልጣ ወደ በሩ አየች።

«እናትሽ መጣች እንዴ?» አለችኝ።

«አንቺን ነው፣ እትዬ» አልኳት። «አንቺን እኮ ነው የሚጠሩሽ።»

ጣሪያውን አየች። ነርሱ ነገሩ ገብቶት ይሁን ሳይገባው አላውቅም፤ ጎንበስ ብሎ፣ ለብቻዋ እንደሚነግራት አድርጎ፣ ስሟን እንደገና ጠራው።

«አቤት» አለች።